ሙቀቱ በሚያልፍበት በኩል

ሐምሌ 3 ቀን 2006 ዓ.ም.፣ ደባርቅ

ይህ ደብተር የወርክሾፕ ነው። ከፊት ያለው የበር ልክ፣ የመስኮት ልክ፣ የአልጋ ልክ ነው። ከኋላ ገልብጬ የምጽፈው ለሚስቴ ለእየሩስ እንኳ የማልነግረው ነገር ስለያዘኝ ነው። ሃያ ዓመት ብረት በይጃለሁ፤ እንዲህ ያለ ቀን አልገጠመኝም።

ዛሬ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ጽድ አምባ ጤና ጣቢያ፣ በእናቶች ማቆያው ጓሮ፣ እኔ የሠራሁት የውሃ ማሞቂያ ታንከር ታቹ ተቀደደ። የጋለው ውሃ እሳቱ ላይ ወረደ። እንጨት ለመግፋት ጎንበስ ብለው የነበሩት እትዬ የሺወርቅ ናቸው፤ የማቆያው ኃላፊ፣ የልጄ የጽጌሬዳ ክርስትና እናት፣ የእኔ አበልጅ። ሁለቱም እግራቸው እስከ ጉልበታቸው ተቃጠለ። ውስጥ መውለጃቸውን የሚጠብቁ አምስት ነፍሰ ጡሮች ነበሩ። እነሱን አልነካቸውም።

ስቴንለስ ነው እኮ። ሁለት ሚሊ ላሜራ። ካስረከብኩት ስድስት ወር እንኳ አልሞላውም።

ሐምሌ 4

ወደ ጎንደር ወሰዷቸው። እየሩስ አብራቸው ሄደች። እኔ የቤተ ክርስቲያኑን በር መጨረስ አለብኝ ብዬ ቀረሁ። በሩ ሳምንት ቢቆይ የሚጎዳው ሰው አልነበረም።

ሐምሌ 6

ታንከሩን በአይሱዙ ጭነው ወርክሾፔ አወረዱት። የጤና ጣቢያው ኃላፊ እንዳለው አብሮ መጣ። ወጣት ነው፤ ነገር አያከርም። በተቀደደው በኩል ጣቱን ሰዶ ነጭ ቅርፊት ፈልፍሎ አወጣና በምላሱ ነካው።

«ጨው ነው» አለ።

«የምን ጨው?» አልኩት።

«እትዬ የሺወርቅ ናቸዋ። የወለደች ሴት ለብ ባለ የጨው ውሃ ትቀመጥ ብለን የምናስተምር እኛው ነን። ግን በሳፋ ነበር። እሳቸው ለሁሉም እንዲዳረስ ብለው ከጥር ጀምሮ እዚሁ ታንከሩ ውስጥ ሲጨምሩ ኖረዋል። እኔም የሰማሁት ትናንት ነው።»

ከሰዓት በኋላ የማቆያው ኮሚቴ ሰብሳቢ አቶ አሻግሬ ደወለ። «ማን ፈቅዶላቸው ነው ጨው የሚጨምሩት?» አለኝ። እኔ ምን አውቄ አልኩት።

በጥር ስናስረክብ ምን ምን እንደተባባልን በደንብ አላስታውስም። ሰው ብዙ ነበር፤ ገንፎ ይበላ ነበር፤ ጫጫታ ነበር። ጠይቀውኝ ይሆናል። ሰው ስንት ነገር ይጠይቃል።

ሐምሌ 10

ዝናቡ አያቋርጥም። መብራት የለም። ሥራ የለም። ታንከሩ ጥግ ላይ ተደፍቶ ያየኛል። ሸራ አለበስኩት።

ሐምሌ 15፣ ጎንደር

ብርቱካን ይዤ ሆስፒታል ሄድኩ። እግራቸው በፋሻ ተጠቅልሎ ከብርድ ልብሱ ውጭ ነው፤ ልብስ ሲነካው ያማቸዋል። ገና ከበሩ ሲያዩኝ ሊነሡ ሞከሩ።

«ይተዉ፣ ይተዉ አበልጄ» አልኳቸው።

«ያን የመሰለ ዕቃ አበላሸሁብህ» አሉኝ።

«ዕቃ ይተካል።» ያልኩት ይህንኑ ብቻ ነው። ተቀምጬ ብርቱካን ላጥኩላቸው። ግማሹን ለእኔ ከፈሉልኝ። በላሁ።

አጠገባቸው ያለችው ታማሚ ልጅዎ ነው ወይ ብላ ጠየቀቻቸው። «ከልጅም በላይ፤ አበልጄ ነው» አሏት። ልጃቸው ውቢት አምቢኮ በሚባል ሩቅ መንደር ተድራ ነበር። ምጥ ሲጠናባት በቃሬዛ ተይዛ ስትመጣ መንገድ ላይ ከነልጇ ቀረች። እትዬ የሺወርቅ ማቆያው ሲከፈት ቀድመው የገቡት ለዚያ ነው። ጽጌሬዳ ስትወለድም እየሩስን ሦስት ቀን ያልተለዩዋት እሳቸው ናቸው።

ወደ ቤት ስመጣ አውቶቡሱ ዳባት ላይ ጎማ ቀየረ። አንድ ሰዓት ዝናብ ውስጥ ቆምን። ከፈለግኩ ተመልሼ ልነግራቸው እችል ነበር። ወደ ጎንደር የሚወርድ መኪና ሁለት አለፈ።

ሐምሌ 22

ዛሬ ታንከሩን በግራይንደር ለሁለት ከፈልኩት።

ላይኛው ግድግዳ እንደ መስታወት ያበራል። ታቹ ግን በመርፌ የተወጋጋ ይመስላል፤ ብየዳው ጎን ደግሞ የፀጉር ያህል ስንጥቅ ዞሮበታል። የገረመኝ ይህ ነው። ያው ውሃ፣ ያው ጨው፣ ያው ላሜራ። ላዩ ለምን ዳነ?

ጎንደር ስሠለጥን አንድ ሽማግሌ መምህር ነበሩን። «ውሃውን ትለካላችሁ፤ ግድግዳውን ማን ይለካላችኋል?» ይሉ ነበር። ያን ጊዜ ከምሳ በኋላ ስለሆነ እንቅልፍ ያዳፋኝ ነበር። አሁን ገባኝ። እሳቱ ውሃውን የሚያሞቀው በብረቱ በኩል አልፎ ነው፤ ስለዚህ ብረቱ ሁልጊዜ ከውሃው ይበልጥ ይግላል። ሽሮው ከላይ ገና ለብ ሳይል ከታች እንደሚያርረው ነው። ብረቱን የነካው ስስ ውሃ እዚያው ይፈላል፤ እንፋሎቱ ይሄዳል፤ ጨው ይቀራል፤ ቅርፊቱ ሥር ይጠራቀማል። ስቴንለስን ከዝገት የሚጠብቀው ዓይን የማያየው ስስ ቆዳ ነው። ግለትና ጨው አብረው ሲመጡበት ያ ቆዳ ይበሳል። እኔ በየሳምንቱ ቴርሞሜትር ከላይ እየከተትኩ «ሰባ ዲግሪ፤ ደህና ነው» እል ነበር። ታቹን አንድ ቀን አላየሁም።

እሳቱን ያን ስስ ላሜራ እንዲነካ አድርጌ ምድጃውን የሠራሁትም እኔ ነኝ።

ግን ሰው ሳያረጋግጥ አይናገርም። ከደህናው ግድግዳ ሁለት ቁራጭ ቆረጥኩ። አንዱን የኩባያ ቂጥ አድርጌ በየድኩት። ሁለተኛውን በሽቦ አስሬ እዚያው ኩባያ ውስጥ አንጠለጠልኩት፤ ታቹን አይነካም። የጨው ውሃ ሞላሁበትና ከሰል ላይ ጣድኩት። ሁለቱም ያው ውሃ ውስጥ ናቸው። ሙቀቱ በአንዱ በኩል ያልፋል፤ በሌላው በኩል አያልፍም። ውጤቱ ሲታይ እናገራለሁ።

ነሐሴ 2

ፍልሰታ ገባ። እትዬ የሺወርቅ ከሆስፒታል ወጥተው ከገበያው በላይ ያለችው ቤታቸው ገቡ። ጽጌሬዳ ልትጠይቃቸው ሄዳ ኪሷን ቆሎ ሞልታ መጣች። «ክርስትና እናቴ እግሯን አላሳየችኝም» አለች።

ኩባያው አሥራ አንደኛ ቀኑ ነው። ውሃው ሲቀንስ እሞላለሁ። ገና ነው።

ነሐሴ 11

ወፍጮ ቤት ተራ ስጠብቅ ሁለት ሴቶች ከኋላዬ ያወራሉ።

«አሮጊት ሰው ምን አገናኛት ከሠለጠነ ዕቃ?»

«ጨው ጨምራበት አሉ። ብረት ወጥ መሰላት?»

ሳቁ። እኔ ወደ ኋላ አልዞርኩም። እህሌን ሳላስፈጭ ብሄድ ይታወቅብኛል ብዬ ቆምኩ።

ነሐሴ 20

ኩባያውን አራገፍኩት። ቂጡ ላይ ሰባት ቀዳዳ፣ መርፌ የማያስገቡ። ብየዳው ዳር ስንጥቅ ጀምሯል። የተንጠለጠለው ቁራጭ ምንም አልሆነም።

አንድ ጊዜ በቂ አይደለም። ሌላ ኩባያ ጣድኩ።

ነሐሴ 28

የኮሚቴው ስብሰባ ዛሬ ነበር። እትዬ የሺወርቅ በምርኩዝ መጡ። ሰው ተነሥቶ ወንበር ሰጣቸው። አቶ አሻግሬ ክፉ ሰው አይደለም፤ የሚያጣራው ነገር አለበት።

«እናታችን» አለ፣ «ጨው ይጨምሩ ያለዎት ሰው ነበር?»

እትዬ የሺወርቅ ከዳር እስከ ዳር ሰዉን አዩ። እኔ ጋ ሲደርሱ አለፉኝ።

«ማንም የለም። ከራሴ ነው» አሉ።

ከዚያ አሻግሬ ወደ እኔ ዞረ። «ባለሙያው ምን ትላለህ?»

«ጨውና ስቴንለስ እሳት ላይ አይስማሙም» አልኩ።

ቃሌ ውሸት የለበትም። በዚህ ደብተር ላይ ደጋግሜ አነበብኩት፤ የለበትም።

እስከ ዛሬ ስላገለገሉ ተመስግነው ሥራውን ለሌላ ሰው ይልቀቁ ተባለ። ቁልፉን ነጠላቸው ጫፍ ላይ ቋጥረውት ነበር። ቋጠሮው ጠብቆ አልፈታ አላቸው፤ በጥርሳቸው ፈቱት። አሻግሬ በሁለት እጁ ተቀበላቸው። ሲወጡ በአጠገቤ አልፈው «ጽጌሬዳ ደህና ናት?» አሉኝ። ደህና ናት አልኩ።

ጳጉሜን 3፣ ሩፋኤል

ልጆች ሁሉ ዝናብ ላይ ወጥተው ይጠመቃሉ። ጽጌሬዳ ርሳ ገባችና «ክርስትና እናቴ ዘንድሮ ለምን አልመጣችም? ሁልጊዜ በሩፋኤል ዝናብ ትቀባኝ ነበር» አለች። እግሯን አሟታል አልኳት። «ማን አሳመማት?» አለች። የስድስት ዓመት ልጅ ናት። ምግብሽን ብዪ አልኳት።

ሩፋኤል ማኅፀን የሚፈታ መልአክ ነው ብለው ነፍሰ ጡሮቹ በዚህ ቀን ስለት ሲሳሉ እትዬ የሺወርቅ ነበሩ ሻማ የሚያድሏቸው። እንግዲህ ልጻፈው።

በጥር ስናስረክብ ጫጫታ አልነበረም። ገንፎው ተበልቶ ሰው ተበትኖ ነበር። ጓሮው ውስጥ እኔና እሳቸው ብቻ ነበርን። እኔ ቧንቧውን አጠብቅ ነበር። እንዲህ አሉኝ፦ «አበልጄ፣ ጉልበቴ እንቢ ብሎኝ ነው እንጂ፤ ጨውን በየሳፋው እየዞርኩ ከምበትን እዚሁ ብጨምረው ይጎዳው ይሆን?» እኔም ሳልዞር «ቀይ ባሕርን ቢገለብጡበት አይዝግም» አልኳቸው። ሳቁ። «እግዜር እጅህን ይባርከው» አሉኝ።

አልተጠራጠርኩም። ደስ ብሎኝ ነበር። በደባርቅ ላይ ስቴንለስ የሚበይድ እኔ ብቻ ነኝ ብዬ ተኮፍሼ ነበር። እነዚያን ወራት ሁሉ ሴቶቹ ጨው ሲያዋጡ፣ እሳቸው እየቆነጠሩ ሲጨምሩ፣ በእኔ ቃል ነበር። ይህን ሁሉ ሐምሌ 6 ቀን ስጽፍም አውቀው ነበር።

መስከረም 2

ትናንት አዲስ ዓመት ነበር። ለመጡት እንግዶች ስለ ሥራ ብቻ አወራሁ። እየሩስ «ምን ሆነሃል?» አለችኝ። ጨጓራዬን አልኳት።

መስከረም 9

እንዳለው መንገድ ላይ አግኝቶኝ ቆመ። ከታች ቆላ በኩል የመጣች ሠርካለም የምትባል ልጅ፣ የመጀመሪያ እርግዝናዋ ነው፣ ማቆያው ውስጥ ሁለት ሌሊት አድራ በሦስተኛው ቀን ወደ ቤቷ ሄደች። ብርዱን አልቻለችውም። ሙቅ ውሃ የለም። አዲሷ ሠራተኛ ደግሞ ከሰዓት በኋላ ቤቷ ትሄዳለች። ሠርካለም እቤቷ ወለደች። እሷ ተረፈች። ሕፃኑ አልተረፈም።

«እትዬ የሺወርቅ ቢኖሩ በቁጣም በቁልምጫም ያቆዩዋት ነበር» አለ እንዳለው። ማንንም ለመውቀስ አልነበረም። ደክሞት ነው።

ወርክሾፕ ገብቼ ሁለተኛውን ኩባያ አወረድኩት። ያው ነው። ያው እንደሚሆን አውቅ ነበር። የሚያስፈልገኝን ነሐሴ 20 ቀን አይቻለሁ። ከዚያ ወዲህ የጣድኩት ቀን ለመግፋት ነው። እየሞላሁ፣ እየለካሁ፣ እየመዘገብኩ ሠራተኛ መስዬ ተደበቅሁ። በዚያ መሐል ሕፃን ተቀበረ።

መስከረም 14

የፊተኛውን ኩባያ ቂጥ ቆርጬ፣ ከተንጠለጠለው ቁራጭ ጋር ኪሴ ከትቼ ሄድኩ። እትዬ የሺወርቅ ደጃፋቸው ላይ እግራቸውን ዘርግተው ፀሐይ ይሞቃሉ። ፋሻው ተፈቷል። ቆዳው ቀይና የሚያበራ ነው፤ ማየት አቃተኝ፤ ግን ዛሬ ላየው ብዬ ነው የመጣሁ፤ አየሁት።

ብረቶቹን መዳፋቸው ላይ አደረግሁ። በአውራ ጣታቸው ዳበሱ።

«ይኼኛው ልስልስ ነው። ይኼኛው ይቧጥጣል» አሉ።

ነገርኳቸው። አንድ ውሃ ውስጥ እንደነበሩ፣ ያው ጨው እንደነበር፣ የተበላው ሙቀቱ በውስጡ ያለፈበት ብቻ እንደሆነ። እሳቱን በዚያ ስስ ብረት ላይ ያደረግሁ እኔ ነኝ አልኩ። ታቹን ማየት የነበረብኝ እኔ ነኝ አልኩ። ከዚያ ጨው ላይ ስደርስ ወደ ብረቶቹ አየሁ።

«ጨውንም አንተ ነህ አይጎዳም ያልከኝ» አሉ፣ ቀስ ብለው።

«ያስታውሱታል?»

«ምን ያስረሳኛል። ቀይ ባሕር አላልከኝም?»

«ታዲያ ስብሰባው ላይ ለምን አልተናገሩም?»

«አንተ የረሳኸው መስሎኝ። ሥራ ይበዛብሃል፤ ስንቱን ትይዛለህ። የረሳን ሰው በጉባኤ መሐል እንዲህ ብለኸኛል ብዬ ብይዘው፣ የለም ይላል። በሰው ፊት ውሸታም ይሆናል። አበልጄን እንዲያ አደርጋለሁ?»

በሩ ተከፍቶልኝ ነበር። እውነቴን ነው፣ ረስቼው ነበር ብል ያምኑኛል፤ ተሳስመን እንለያያለን፤ ጽጌሬዳን ነገ እልካለሁ። አንድ ትንፋሽ ያህል አሰብኩት።

«አልረሳሁትም» አልኩ።

«መቼ ትዝ አለህ?» አሉኝ።

«ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አውቀዋለሁ።»

«ጎንደር ስትመጣም?»

«አዎ።»

«ያን ብርቱካን ስትልጥልኝ?»

«አዎ።»

«ቁልፉን ስፈታስ?»

«አዎ አበልጄ።»

ብረቶቹን መልሰው እጄ ላይ አደረጉ። ፊታቸው ላይ ቁጣ ብፈልግ አጣሁ። ቁጣ ቢሆን እግራቸው ላይ ወድቄ እለምን ነበር።

«ረስተኸው ቢሆን ይሻለኝ ነበር» አሉ። ከዚያም «ፀሐዩ ሊሄድ ነው፤ ልግባ።»

ልደግፋቸው ብነሣ ግድግዳውን ይዘው ራሳቸው ገቡ። ደጃፉ ላይ ቆሜ ቀረሁ። አለቀስኩ፤ መንገደኛ አየኝ፤ ግድ አላለኝም።

መስከረም 15

ለእየሩስ ነገርኳት። ሊጥ እያቦካች ነበር። እጇን ሳትታጠብ ተቀመጠች። «እኔ እኮ በየሳምንቱ እሳቸው ጋ ስሄድ ሁልጊዜ ስለ አንተ ነው የሚጠይቁኝ፤ ሥራው አላስጨነቀውም ወይ ይሉኛል» አለች። ማታ ምግብ አቀረበችልኝ፤ እሷ አልበላችም።

መስከረም 20

ኮሚቴው ፊት ቆምኩ። ሁሉን ተናገርኩ። ኩባያዎቹንም አሳየሁ፤ ማንም ኩባያዎቹን አላየም፤ እኔን ነው ያዩኝ። አሻግሬ መነጽሩን አውልቆ ጠረገ። «እኚህ ሴት ቁልፉን በጥርሳቸው ሲፈቱ አጠገባቸው ነበርክ» አለ። ነበርኩ አልኩ።

ውሳኔው፦ እትዬ የሺወርቅ ይመለሱ፤ እኔ ሌላ ማሞቂያ ሠርቼ ልተካ። ሁለተኛው እንኳ ቀላል ነው።

መስከረም 29

እትዬ የሺወርቅ መመለሱን እንቢ ብለው ነበር። የሠርካለምን ወሬ ሲሰሙ ነው እሺ ያሉት አለ እንዳለው። «ለነፍሰ ጡሮቹ ስል ነው በላቸው» ብለዋል።

አዲሱን ልጀምር። እሳቱ ስቴንለሱን አይነካውም። ከታች የወፍራም ጥቁር ብረት ገንዳ፣ እዚያ ውስጥ ንጹህ ውሃ፣ ስቴንለሱ በውሃው ላይ ይቀመጣል። እንደ ሕፃን ወተት በውሃ ላይ ማሞቅ ማለት ነው። ለመሙቅ ይዘገያል። ይዘግይ። ከጎን ክዳን ያለው መስኮት አደርግለታለሁ፤ ታቹ በየወሩ ይታያል።

ጥቅምት 8

ዛሬ አስረከብኩ። ገንፎ ተበላ። ሰባት ነፍሰ ጡሮች ነበሩ፤ ሁለቱ ጨነቅ ከሚባለው ተራራ በላይ በበቅሎ የመጡ ናቸው። እሳት አነደድን። ውሃው ሲሞቅ ሰው እጁን እየነከረ መረቀ።

እትዬ የሺወርቅ ተራቸው ደርሶ ምርኩዛቸውን ግድግዳው ላይ አስደግፈው ታንከሩን ዞሩት። ብየዳውን በጣታቸው ዳበሱ። ከጎኑ ያለውን መስኮት ከፍተው ታቹን አዩ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ።

«አቶ አለምነህ» አሉ።

ጽጌሬዳ ክርስትና ከተነሣችበት ቀን ጀምሮ ስሜን ጠርተውኝ አያውቁም።

«ጨው ቢገባበትስ?»

«አይገባበትም» አልኩ። «ጨው በሳፋ ብቻ ነው። እዚህ ውስጥ ጠብ እንዳይል።»

«በቃል አይሆንም። ይጻፍልኝ።»

እየሩስ መሬት መሬት ታያለች። ይህንኑ ደብተር ለልክ ይዤው ነበር፤ ከመሐሉ አንድ ቅጠል ገንጥዬ ጉልበቴ ላይ አድርጌ ጻፍኩ። «ጨው አይግባ። አለምነህ» ብዬ ሰጠኋቸው። እትዬ የሺወርቅ ማንበብ አያውቁም። ወረቀቱን ለእንዳለው አቀበሉትና «አንብብልኝ» አሉት። አነበበላቸው።

«ድገመው» አሉት።

ደገመላቸው።

«ፈርሞበታል?»

«ፈርሞበታል።»

አጥፈው ነጠላቸው ጫፍ ላይ ከቁልፉ ጋር ቋጠሩት። ከዚያ ሴቶቹን በየተራ ሳፋ እንዲያመጡ ጠሯቸው።